የራሐ ድምፅ

ዋፊቃን መጀመሪያ ያገኟት ውሾች ናቸው።

ሐኪም ጋራ ላይ፣ ሐረር ቁልቁል በምትታይበት ተዳፋት፣ ፋጡማ የምትባል ገበሬ የጫት ማሳ አላት። አርብ ጠዋት ጭጋጉ ከመሬት ሳይነሳ ጫት ልትቀነጥስ ስትወጣ ሁለቱ ውሾቿ እንደወትሮው እየዘለሉ አልተቀበሏትም። ከድንጋይ እርከኑ ሥር ጋደም ብለው ነበር። በመካከላቸው አንዲት ወጣት ሴት ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ሻርፗ በጤዛ ርሷል። ፋጡማ የተኛች መስሏት "እህቴ፣ ተነሽ እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል" አለቻት። ከዚያ ጉንጯን ነካችና "ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" ብላ እዚያው ዘፍ አለች።

ኢንስፔክተር ጽጌሬዳ ወልደ ጊዮርጊስ ስትደርስ ጭጋጉ መሳሳት ጀምሯል። ከታች በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ አንዴ የመስጊድ ሚናራ፣ አንዴ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ ይታይና ሁሉም መልሶ ይጠፋል። ረቡዕ የጣለው ዝናብ ወደ ማሳው የሚያስገባውን የእግር መንገድ ቀይ ጭቃ አድርጎታል። የኢንስፔክተሯ ጫማ ጭቃ ተሸክሞ ከብዷታል። የሟቿን ጫማ አየችው፤ ንጹሕ ነው።

"በእግሯ አልመጣችም" አለች።

ከሟቿ ጎን ሰማያዊ መለያ የተለጠፈበት ባዶ ጠርሙስ ቆሟል። ክዳኑ ጠበቅ ተደርጎ ተዘግቷል።

ረዳቷ ሳጅን አብዱልፈታ የጀጎል ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ የሴትዮዋን ፊት ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። "ዋፊቃ ናት" አለ። "የራሐ ድምፅ።"

ጽጌሬዳ ፊቷን አታውቀውም። ድምፅዋን የማያውቅ ግን በሐረር አልነበረም። ራሐ የሚባለው የሳል ሽሮፕ ወደ ከተማው የገባው በዚያ ድምፅ ነው። ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ሰማያዊ ፒካፕ ከፈረስ መጋላ እስከ ጊደር መጋላ ገበያ እየተንፏቀቀች፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ታሰማዋለች። "ደከመህ ወንድሜ? እንቅልፍ እምቢ አለሽ እህቴ? ራሐ አለልሽ። አንድ ማንኪያ ራሐ፣ አልኮል የሌለበት ራሐ።" ማስታወቂያ አይመስልም። ጸጉር እየዳበሰ የሚያስተኛ ሰው ድምፅ ነበር።

*

አስከሬኑን የመረመረችው ዶክተር ገሊላ ጓንቷን እያወለቀች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"የተመታችበት፣ የታነቀችበት ምልክት የለም" አለች። "ሆድዋ ውስጥ ሽሮፑ አለ፤ ያውም ብዙ። በማር ውኃ ተበጥብጧል።"

"በማር?"

"አዎ። ከጠርሙስ የጠጣ ሰው ማሩን ከየት ያመጣዋል? ሌላም ነገር አለ፤ ሰውነቷ ለዚህ ነገር እንግዳ ነው። ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠጣችው ይሆናል። የለመደው ሰው አንቀላፍቶ ይነሳል። እሷ ግን አልቻለችውም።"

"መቼ ሞተች?"

"የጠጣችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሞቱ ግን ወዲያው አልመጣም። ቀስ እያለ ነው ትንፋሽ የሚወስደው። ያልጨረስኩት ምርመራ አለ፤ እደውልልሻለሁ።"

*

የዋፊቃ እናት የእማማ መርየም ቤት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ከሚያንቀጫቅጩበት መንገድ ጀርባ ነው። ከወለሉ ከፍ ባለው መደብ ላይ ጎረቤት ሴቶች ተደርድረው ዱዓ ያደርጋሉ። እማማ መርየም ኢንስፔክተሯን ከጎናቸው አስቀመጧት።

"ልጄ ጠጥታው አታውቅም" አሉ። "ወላሂ፣ አንድ ማንኪያም። 'እማ፣ እኔ ድምፅ ነው የምሸጠው፣ ጠርሙሱን የሚሸጡት እነሱ ናቸው' ትለኝ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ። በኋላ እሱንም ማለት ተወች።"

"ለምን ተወች?"

"በሐምዛ ምክንያት ነዋ።"

ሐምዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ፣ ካቋረጠ ወዲህም ቀንና ሌሊቱ የተደባለቀበት ልጅ። እናቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በቀደም ጠርሙሶቹን ሰብስባ ደፋችበት። 'እገድልሻለሁ' ብሎ ሲጮኽ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው። ግን ልጄ አይገድልም።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከግንቡ ማዶ፣ ከሰፊው መንገድ በኩል፣ ድምፁ መጣ።

"ደከመህ ወንድሜ? እንቅልፍ እምቢ አለሽ እህቴ?"

ዱዓው ቆመ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እማማ መርየም ከመደቡ ብድግ ብለው ወደ በሩ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፊታቸው ላይ ሐዘን አልነበረም፤ ያ ነው ጽጌሬዳን ያስፈራት።

"መጣች" አሉ። "ዋፊቃ መጣች። ምሳዋን አቅርቡላት።"

ጽጌሬዳ በጠባቡ ጎዳና ሮጣ ወጥታ ፒካፗን አስቆመች። ሹፌሩ ግራ ገባው። "አጥፋው ያለኝ የለም" አለ። "አለቃዬ አቶ ዮሴፍ ዛሬም በመስመርህ ዙር ብሎኛል።"

"ልጅቷ መሞቷን አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ለእሱም ነግሬዋለሁ። 'ድምፁ የድርጅቱ ነው' አለኝ።"

"ትናንትስ ስትዞር ነበር?"

"ትናንት መኪናዋን እሱ ወስዷት ነበር። ድሬዳዋ።"

*

ሐምዛን ያገኙት አቦከር ሰፈር ውስጥ፣ መጋረጃው በማይገለጥ አንድ ክፍል ነው። በቆርቆሮ ጣሪያው ሥር አራት ወጣቶች ትራስ ላይ ተጋድመዋል። የጫት ገረባ መሬት ላይ ደርቋል። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ የጠርሙስ ክዳኖች በክር ተሰክተው እንደ ሙስበሓ መቁጠሪያ ተንጠልጥለዋል። አየሩ ጣፋጭ ሽታ አለው። ጽጌሬዳ ትንሽ ስትቆይ የራሷ ዓይንም የከበዳት መሰላት።

"ሐምዛ፣ እህትህ ሞታለች።"

ልጁ ቀስ ብሎ አያት። "ነግረውኛል" አለ። "ሕልም መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ።"

ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠና ሁለት እጁን ተመለከተ። ማልቀስ የፈለገ ይመስላል፤ እንባው ግን እንዴት እንደሚመጣ የጠፋበት ሰው ነበር።

"እገድልሻለሁ ብለሃታል።"

"ብያለሁ። ደፍታብኝ ነበራ። ከዚያ መሬት ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። 'ሐምዛ፣ በዚህ ድምፅ አስጠጣኋችሁ፤ በዚሁ ድምፅ አስጥላችኋለሁ' አለችኝ። አዲስ ልትቀዳ ነበር። 'ጠጡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ ወንድሜን ያጣሁትም በዚሁ ነው' የሚል። አርብ ከሶላት በኋላ ባጃጅ ተከራይታ ፈረስ መጋላ ላይ ልታሰማው። ዛሬ... ዛሬ ጁምዓ ነው አይደል?"

"የት ነበር የምትቀዳው?"

"ጌታቸው ጋ ነዋ። ሁልጊዜ እሱ ጋ ነው።"

ጌታቸው የቀረጻ ስቱዲዮ ያለው የሠፈሩ ሰው ነው። ከተኙት አንዱ ስሙን ሲሰማ ዓይኑን ሳይገልጥ "ጌቾ ሐሙስ እዚህ ነበር" አለ። "ከአስር ጀምሮ እስኪመሽ። እዚያች መስኮት ሥር።"

"እርግጠኛ ነህ?" አለው አብዱልፈታ።

"ወሪያ፣ እንዴት አልሆንም? ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው 'ምን ያምራል፣ ይህን ነበር መቅዳት' ሲል አልነበር?"

ሌሎቹም አንድ በአንድ መሰከሩ። ዝናቡ፣ ቆርቆሮው፣ ጌታቸው መስኮቱ ሥር። ሐምዛም ጭምር በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

አብዱልፈታ በላስቲክ የተጠቀለለውን ባዶ ጠርሙስ አውጥቶ አሳያቸው። "ይህ ከእናንተ የማን ነው?"

ሐምዛ ተቀብሎ በመጋረጃው ስንጣቂ በሚገባው ብርሃን አየው። "የጠጪ አይደለም" አለ።

"በምን አወቅህ?"

"ክዳኑ አለ።" ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን አሳያቸው። "ክዳን ሰብስቦ ላመጣ አንድ ጠርሙስ በነጻ ይሰጣሉ። ከክዳኑ ጋር የሚጥል ሰው አላየሁም። እናቱ ብትሞት እንኳ—" አለና ያለው ነገር ገባው። ጠርሙሱን ለአብዱልፈታ መልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

የራሐ አስመጪ ድርጅት የሐረር ቢሮ ከጀጎል ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ነበር። የገበያና ማስታወቂያ ኃላፊው አቶ ዮሴፍ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሲናገር እጁን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ የሚያንሸራትት ሰው ነው። ደረቱ ላይ ጥቁር ሪባን ሰክቷል።

"ከባድ ሐዘን ነው" አለ። "ዋፊቃ የዚህ ሥራ ነፍስ ነበረች።"

"ድምፅዋ ግን ዛሬም ሲዞር ነበር፣ አቶ ዮሴፍ።"

"ስሕተት ነው። እንዲቆም አዝዣለሁ።"

"ሽሮፑ የሳል መድኃኒት ነው። በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ ይላል መለያው ላይ። እኔ በመነጽርም በግድ ነው ያነበብኩት።"

"ተጽፏል አይደለም እንዴ?" ፈገግ አለ። ከዚያ ሥራውን የሚወድ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ፊት ጠጋ አለ። "ላስረዳዎት። ስንመጣ እዚህ ከተማ ራሐን ማንም አይፈልገውም ነበር። እኔ በየበርጫው፣ ጫት በሚቃምበት ሁሉ፣ ተቀምጬ ሰውን አየሁት። ሰዉ ከሰዓት ጫት ይቅማል፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሌላ ቦታ ምርቃናውን በቢራ ይሰብሩታል። እዚህ ግን ብዙው ሰው ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም። ነቅቶ ያድራል፤ ጣሪያ ያያል። ክፍተቱ እሱ ነበር። ጣዕሙን አሻሻልን፣ አልኮል የለበትም አልን፣ ድምፅ ፈለግን። ክዳኑን ጨመርንበት። ገበያ ማለት ይኸው ነው፤ ሰው ራሱ ያላወቀውን ድካሙን ታሳየዋለህ።"

"እርስዎ ይጠጡታል?"

"እኔ?" የጥያቄው መምጣት ራሱ አስገረመው። "በጭራሽ።"

"ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?"

"ድሬዳዋ። መኪናዋም ከእኔ ጋር ነበረች። ቅዳሜ የሚመጡ የዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ስላሉብኝ ሆቴል ላመቻች ሄጄ፣ ከመሸ ነው የተመለስኩት።"

*

የጌታቸው ስቱዲዮ ፈረስ መጋላ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል። በሩ ሲዘጋ የገበያው ጩኸት እንደ ውኃ ሥር ሆኖ ራቀ። ጌታቸው ቀጭን፣ ዓይኑ ውስጥ እንቅልፍ የማይጠፋ ሰው ነው። ጽጌሬዳን ከድሮ ጀምሮ በመልክ ያውቃታል።

"ሐሙስ አልመጣችም" አለ። "ትመጣለች ተባብለን ነበር፤ ቀረች። እኔም ወደ አቦከር ሄድኩ። ልጆቹን ጠይቂያቸው።"

"ጠይቄያቸዋለሁ። አዲስ ልትቀዳ ያሰበችውን ታውቅ ነበር?"

"ነግራኛለች።"

"ለማን ነገርከው?"

"ለማንም።"

ከማይክሮፎኑ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ግማሹ ያለቀ የማር ብልቃጥ አለ። ጽጌሬዳ አነሳችው። "ይህስ?"

"የእሷ ነው። ከመቅዳቷ በፊት ለጉሮሮዋ በሞቀ ውኃ ትጠጣ ነበር።" ይህን ብሎ ዓይኑን ከብልቃጡ ላይ መለሰ።

ደረጃውን ሲወርዱ አብዱልፈታ "ማሩ" አለ።

"አውቃለሁ። ግን አራት ሰው ከዚህ ርቆ ነበር ይለኛል። አራቱም የሚሉት አንድ ነው።"

"ተነጋግረው ቢሆንስ?"

"እነዚያ ልጆች ተነጋግረው መዋሸት የሚችሉ ይመስሉሃል? እንዲያውም የሚያምኑበትን ነው የሚናገሩት። የከበደኝም እሱ ነው።"

*

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ጽጌሬዳ ቤቷ ገባች። አባቷ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ተኝተው አገኘቻቸው። ፀሐይዋ ፊታቸውን ታጥበዋለች፤ ሰማዩ ላይ አንድ ቁራጭ ደመና የለም። ከወንበሩ አጠገብ ማንኪያ አለ። ከማንኪያው አጠገብ ሰማያዊ ጠርሙስ።

ቆማ አየችው። ስንት ጊዜ በዚህ በረንዳ አልፋለች!

"አባባ፣ ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠጡት?"

አባቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። "ለሳሌ ነው ጽጌ። ያቺ ልጅ በመኪናው ማጉያ ስትናገር... ደስ ይላል ድምፅዋ። እናትሽን ትመስለኛለች።" ከዚያ እጃቸውን ከበረንዳው ውጭ ዘርግተው መዳፋቸውን ገለበጡ። "ዝናቡ አባራ እንዴ?"

"ዝናብ?"

"አሁን ሲጥል አልነበረም? ቆርቆሮው ላይ... ገና አሁን እኮ ነው።"

ጽጌሬዳ ፀሐይ የሞላበትን ግቢ አየች። ዝናብ የጣለው ረቡዕ ነው። ከረቡዕ ወዲህ ጠብታ አልወረደም። አባቷ ውስጥ ግን አሁንም ይዘንባል።

ስልኳን አውጥታ ለአብዱልፈታ ደወለችለት። "ሐሙስ አልዘነበም" አለችው። "ልጆቹ የነገሩን ረቡዕን ነው። ያ ዝናብ ውስጣቸው አላባራም። ጌታቸውን ይዘኸው ና።"

ጠርሙሱን ከወንበሩ ሥር አንስታ ይዛው ወጣች።

*

ጌታቸው አልተከራከረም። ጽጌሬዳ "ሐሙስ ዝናብ አልነበረም" ስትለው ትንሽ አሰበ፤ እሱም ራሱ ዝናቡ መቼ እንደነበር የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው።

"ለዮሴፍ ነገርኩት" አለ። "ልትቀዳ ነው አልኩት። ሌላ ምን ላድርግ? የሽሮፑን ካርቶን የሚልክልኝ እሱ ነው። ለሥራ አበል ብሎ ነው የጀመረልኝ፤ አሁን እኔ ያለ ሽሮፑ አልነቃም፣ ያለ ሽሮፑ አልተኛም። 'እንግዶቹ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ጌቾ፣ አስተኛት፤ ሁለት ቀን ብቻ ትለፍ፣ ከዚያ እኔ አነጋግራታለሁ' አለኝ።"

"ማሩ ውስጥ አደረግከው።"

"እንድትተኛ ነው! ወላዲተ አምላክን፣ እንድትተኛ ብቻ ነው። መጠኑን... በራሴ ለካሁት። እኔ የምጠጣውን ያህል። እሷ እንደማትጠጣ ረሳሁ። አስቢው እስቲ፤ ከተማው ሁሉ በእሷ ድምፅ ሲጠጣ እሷም የምትጠጣ መስሎኝ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ሶፋው ላይ ተኛች። እኔም ጠጣሁና ከሶፋው ሥር ተኛሁ። ስነቃ ከንፈሯ ተለውጧል። ለዮሴፍ ደወልኩ፤ በፒካፑ መጣ። ተሸክመን አወረድናት። 'ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ አንተ አቦከር ሂድና ከልጆቹ ጋር ሁን' አለኝ። በኋላ ደውሎ 'መንገድ ላይ አረፈችብኝ' አለኝ።"

"ስታወርዷት ትተነፍስ ነበር?"

"ትተነፍስ ነበር" አለ ጌታቸው። "በጣም በቀስታ። ግን ትተነፍስ ነበር።"

*

ዶክተር ገሊላ የደወለችው ጽጌሬዳ ወደ ሐኪም ጋራ እየወጣች ሳለ ነው። "የጥፍሮቿን ሥር ጨርሻለሁ" አለች። "ቀይ አፈርና የሣር ሥር አለበት፤ የማሳው አፈር ነው። መዳፏም ውስጥ የተጨበጠ ሣር ነበር።"

"ማለት?"

"ማለትማ እዚያ ስትደርስ በሕይወት ነበረች። ምናልባት ለመነሳት ሞክራለች።"

ፋጡማን ማሳዋ ዳር ቅጠል ስታስር አገኘቻት። ጽጌሬዳ ከጎኗ ተቀመጠች። "አርብ ለት ሰው አይተሽ እንደሆነ ጠይቀንሽ አላየሁም ብለሻል። ሐሙስ ማታስ ያስገረመሽ ነገር የለም?"

"ሰው አላየሁም።" ፋጡማ እጇን አቆመች። "ያቺን የምትለፈልፈውን ሰማያዊ መኪና ግን አይቻለሁ። ከጊደር መጋላ ተመልሼ ስመጣ፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲባል፣ ወደዚህ ስትወጣ። ልጆቻችን ድምፁን ከሩቅ ሲሰሙ ይሮጡላት የለ? ያን ለት ግን ዝም ብላ አለፈች። ምንም ድምፅ የላትም። 'ዛሬ ደግሞ ምን ነካት፣ ታመመች እንዴ' ብዬ ስቄያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ስቄያለሁ።"

*

እሑድ ከሰዓት ዮሴፍ ጽጌሬዳ ፊት ተቀምጧል። ሪባኑ አሁንም ደረቱ ላይ አለ። እንግዶቹ መጥተው፣ ወሬውን ሰምተው፣ ምሳ ሳይበሉ ተመልሰዋል።

"ድሬዳዋ ነበርኩ" አለ እንደገና።

"ሐሙስ በመግሪብ ሰዓት መኪናዋ ሐኪም ጋራ ስትወጣ ታይታለች፤ ድምፅ ማጉያው ጠፍቶ። ከዋፊቃ ጎን የተቀመጠው ጠርሙስ ክዳን ነበረው፤ ራሐ የሚጠጣ ሰው ክዳን አይጥልም። አንተ ግን አትጠጣም። ጌታቸውም ሁሉን ተናግሯል።"

ዮሴፍ ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዷን ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ። "ጌታቸው ያለ ሽሮፕ ስሙን የማያውቅ ሰው ነው። እሺ፣ ይሁን። እሱ ገደላት፤ እኔ ደግሞ ደንግጬ አስከሬኑን አነሳሁ። ጥፋቴ ይህ ነው። ሞታ ነበር።"

"ሣር ጨብጣለች።"

"ምን?"

"መዳፏ ውስጥ ሣር አለ፣ ዮሴፍ። ጥፍሯ ውስጥ የማሳው አፈር። ሆስፒታሉን አልፈህ ነው የሄድከው። በሩ ፊት ለፊት ነው ያለፍከው።"

እጁ ጠረጴዛው ላይ መንሸራተቱን ተወ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ የሚያሳምነው ነገር ያለቀበት ሰው ድምፅ።

"እዚያ ባስገባት ምን ጠጣች ይላሉ። ማን ናት ይላሉ። ድምፅዋን በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሳይቀር ያውቀዋል። የራሐ ልጅ በራሐ... አንድ ቀን ነበር የቀረኝ። አስፋልቱ አልቆ መኪናዋ ስትንገጫገጭ ዓይኗን ገለጠች።"

ጽጌሬዳ ዓይኗን ከእሱ አላነሳችም።

"'ደረስን?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"'አዎ፣ ደረስን' አልኳት። 'ተኚ።'"

አብዱልፈታ ብዕሩን አስቀምጦ ከክፍሉ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ሲቆም በተከፈተው በር ይታይ ነበር። ጽጌሬዳ ራሷ ወረቀቱን ሳበችና የቀረውን ጻፈች።

*

ሲመሽ እማማ መርየም ቤት ሄደች። ሐዘንተኞቹ ተበትነዋል። ከውስጠኛው ክፍል የሐምዛ ማቃሰት ይሰማል፤ ከአርብ ወዲህ ከሽሮፑ አንድ ጠብታ አልቀመሰም፤ ላቡ ፍራሹን አርሶታል። ዶክተር ገሊላ ነገ ጠዋት ሆስፒታል አምጡት ብላ አልጋ ይዛለታለች።

ጽጌሬዳ ጌታቸውንና ዮሴፍን፣ ማሩንና ተራራውን ሁሉንም ነገረቻቸው። አንዱን ብቻ ለመደበቅ አስባ ነበር። እናቲቱ ግን "ምንም አላለችም? እስከ መጨረሻው ምንም?" ብለው ሲጠይቋት መዋሸት አቃታት።

"መኪናው ላይ አንዴ ነቅታ ነበር። 'ደረስን?' ብላ ጠየቀች።"

"እሱስ ምን አላት?"

"'ደረስን፣ ተኚ' አላት።"

እማማ መርየም በእርጋታ መናገር ጀመሩ። "ትንሽ ሆና ከድሬ በመኪና ስንመጣ ጭኔ ላይ ትተኛብኝ ነበር። በየመታጠፊያው 'እማ፣ ደረስን?' ትላለች። እኔ ደግሞ መንገዱ ገደል ነው፣ እፈራለሁ፤ ብቻዬን ነቅቼ መፍራት ስለማልወድ 'ገና ነው፣ አትተኚብኝ' እላት ነበር። እሷም ዓይኗን በጣቷ ከፍታ ይዛ፣ እየዘፈነችልኝ ትመጣለች። ያን ጊዜ ነው ድምፅዋን የሰማሁት።"

ከውስጠኛው ክፍል ሐምዛ ጮኸ። "እማ! እማ፣ አልቻልኩም። ትንሽ ብቻ ልተኛ። ትንሽ ብቻ!"

እናቲቱ መደቡን ተደግፈው ተነሱ። ጽጌሬዳ ልትደግፋቸው ስትል እጃቸውን አነሱ። መጋረጃውን ገልጠው ገቡ፤ ፍራሹ ዳር ሲቀመጡ፣ የልጁን ራስ ወደ ጭናቸው ሲስቡ ከውጭ ይታይ ነበር።

"ገና ነው ልጄ" አሉት። "አትተኛብኝ። ብቻዬን አትተወኝ፤ እስኪነጋ አብረን ነቅተን እንቆይ። በል፣ አውራኝ።"